ያልወደቀው ፈረሰኛ

ሀብቱ ከፈረስ ሲወድቅ ያየው፣ ከእግዜር በታች፣ ጓደኛው ባምላክ ብቻ ነው። እሱም ባያየው ይሻለው ነበር።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከቆሰበር ወደ ግምጃ ቤት ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ባለው መስክ ላይ ፈረሶቻቸውን ያሟሙቃሉ። ሀብቱ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ባምላክ በሦስት ዓመት ያንሰዋል። ጥር ሃያ ሦስት ቀን ቆሰበር ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲከበር የሠፈራቸውን ፈረሰኞች ከፊት ሆኖ እየመራ የሚገባው ሀብቱ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው ኮርቻ ላይ ሲወጣ ዐሥር ዓመት ይቀንሳል። መሬት ላይ ሲቆም ግን ያው እንደ እኛው ነው፤ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሲቀመጥ «እፎይ» የሚል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጎረምሶቹ «አያ ሀብቱስ ይብቃቸው፤ ዘንድሮ ኪዳኑ ይምራን» እያሉ ማጉረምረም ጀምረዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሌላው ሰው ነው፤ ሀብቱ ግን ሁሉንም ሰምቷል።

የሀብቱ ዳማ ፈረስ ደህና እየሰገረ ሳለ ነፋስ ያመጣው ጥቁር ፌስታል ከእግሩ ሥር ተንኮሻኮሸ። ጅብ አይደለ፣ ጥይት አይደለ፣ ባዶ ፌስታል! ፈረሱ በርግጎ ወደ ጎን ሲዘል ሀብቱ በአንገቱ ላይ ተሻግሮ ሄደና ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ድምፁን ባምላክ ሰምቶታል። ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ እስኪደርስ ግን ሀብቱ ተነሥቶ ሱሪውን ማራገፍ ጀምሮ ነበር። ደም የለም፤ ከግራ ጆሮው በላይ እብጠት ብቻ።

«አየህ?» አለው ሀብቱ በአገውኛ። ሁለቱ ለብቻቸው ሲሆኑ በአገውኛ ነው የሚያወሩት፤ አማርኛው ለገበያና ለቢሮ ነው።

«አየሁ እንጂ። እስቲ ተቀመጥ፣ ትንሽ አረፍ በል።»

«አላየህም።»

«እንዴት አላየሁም? እዚሁ ቆሜ…»

«ባምላክ፣ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ለኪዳኑም ይሁን፣ ለፈለጉት ይስጡት። ፈረስ ጣለው ተብዬ ግን አልወርድም። ለማንም እንዳትናገር። ለሚስቴ ለምሥራቅም ቢሆን፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ጊዮርጊስን በለኝ።»

ባምላክ ሳቀ። ሀብቱ አልሳቀም። ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ልመና ሰምቶ ስለማያውቅ ባምላክም ሳቁን ዋጠው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የባምላክ ሚስት ስትሞት፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከሰልስት በኋላ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሀብቱ ቁርበቱን ተሸክሞ መጥቶ አርባ ሌሊት ከጎኑ የተኛ ሰው ነው። አጽናናው ለማለት አይቻልም፤ ማጽናናት አያውቅበትም፣ ሲያንኮራፋ ያድራል እንጂ። ነገር ግን ባምላክ በነቃ ቁጥር በቤቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜው አንዴ ቢለምን እንዴት እምቢ ይባላል?

«ጊዮርጊስን፣ አልናገርም» አለ።

እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ። ባምላክም ነገሩን ረሳው።

የራስ ምታቱ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሀብቱ ጠዋት ጠዋት ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ ይታይ ጀመር። ቀጥሎ እንቅልፍ አበዛ፤ ሰው እያነጋገረው ዐይኑ ይከደናል። ሚስቱ ምሥራቅ የቀኝ እግር ጫማው ብቻ በፊቱ በኩል ማለቁን አይታ «ምን እየጎተትክ ነው የምትሄደው?» ብላ ተቆጣችው። ከዚያ ስም ይጠፋው ጀመር፤ ዳማውን ከዐሥር ዓመት በፊት በሞተ ፈረስ ስም ይጠራዋል። ጎረቤቱ «ዕድሜ ነው» አለ። ምሥራቅ «ዐይነ ጥላ ነው» አለች። ጎረምሶቹ ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልግም።

በገና ዋዜማ ባምላክ ሲመጣ ሀብቱ ግቢው ውስጥ ፈረሱን እየጫነ አገኘው። ኮርቻውን የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጭኖ፣ የሆድ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነበር። ፈረሱ እንኳ ተገርሞ አንገቱን አዙሮ ያየዋል። ባምላክ ቀስ ብሎ ኮርቻውን አወረደና አስተካክሎ ጫነ፤ ሀብቱም ቆሞ አየው እንጂ ምን እንደ ተለወጠ አልገባውም። የዚያን ጊዜ የድንጋዩ ድምፅ ባምላክ ጆሮ ላይ መጣ። «ኧረ ወዲያ! አምስት ሳምንት አለፈው፤ የወደቀ ሰው የሚታመም ቢሆን ያኔውኑ ነበር» አለ ለራሱ። ሰው ራሱን ሲዋሽ የሚያጋልጠው ስለሌለ ደፋር ነው።

ጥር ሁለት ቀን ሀብቱ ውኃ የያዘበት ጣሳ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ አለና እሱም አብሮ ተቀመጠ። ምሥራቅና ባምላክ በባጃጅ አሳፍረው ቆሰበር ወደሚገኝ ሐኪም ቤት ወሰዱት።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ናርዶስ ትባላለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም፤ ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የአንጎል ሕክምና ለመማር አመልክታ መልስ እየጠበቀች ስለነበር፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ ሌሎቹ ወደ እሷ ይመሩታል። አትቸኩልም። የሀብቱን ዐይን በባትሪ አየች፤ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታች። «ዐይንዎን ይጨፍኑና ሁለት እጅዎን ይዘርጉልኝ አባቴ፤ መዳፍዎን ወደ ሰማይ፣ እንደሚለምን ሰው» አለችው። ሀብቱ ዘረጋ። ግራው ባለበት ቆመ። ቀኙ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ዘቀጠ፤ ሀብቱ ግን አላወቀም፤ ፊቱ ላይ ሁለቱንም እኩል የዘረጋ ሰው እርካታ ነበረበት። ምሥራቅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አሳይታ «ይህ ምንድን ነው?» ስትለው «ያ… ያ የመጻፊያው» አለ። የእጅ ሰዓቷን ስታሳየው ግን ዝም ብሎ ብዙ አየውና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች። «ሆድ ሲታመም ይጮኻል፤ ጥርስ ሲታመም ባለቤቱን ያስጮኻል። አንጎል ግን ስለ ራሱ አይናገርም። የሚናገርለት አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ አስባችሁ መልሱልኝ። ወድቀው ያውቃሉ? ጭንቅላታቸውን የመታቸው ነገር አለ? ከወር በፊትም ቢሆን፣ ከሁለት ወር በፊትም ቢሆን፣ ቀላል ነው ብላችሁ የናቃችሁትም ቢሆን።»

«ኧረ የለም ልጄ» አለች ምሥራቅ።

«ፈረስ ይጋልባሉ አይደል? ከፈረስስ?»

«እሱ? ከፈረስ?» ምሥራቅ በጭንቋ መካከል እንኳ ልትስቅ ቃጣት። «እሱን ያላወቅሽ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፈረስ ላይ ነው የኖረ።»

ዶክተሯ አሁንም አልለቀቀችም። «እርስዎስ አባቴ? ከእርሳቸው ጋር ነው አሉ የሚውሉት።»

ባምላክ ቀና ሲል ሀብቱ እያየው ነው። ሰዓት ምን እንደሚባል የጠፋው ሰው፣ የፈረሱ ስም የጠፋው ሰው፣ ይህን ግን አልረሳም። ዐይኑ እንደዚያን ዕለት በመስኩ ላይ ይለምናል።

«የለም» አለ ባምላክ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው። በሌላ ሰው ራስ ውስጥ ያለ በሽታ ሲደበቅስ? ለዚህ ተረት አልተወልንም።

ዶክተር ናርዶስ የደም ግፊቱን ለካችና ከፍ ብሎ ስላገኘችው ራሷን ነቀነቀች። «ስትሮክ ይመስላል፤ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቶ። ባሕር ዳር ሄደው ጭንቅላታቸውን በሲቲ ስካን መነሣት አለባቸው። ዛሬ ነገ አትበሉ» አለችና ለግፊቱ አንድ፣ ደም ለማቅጠን ደግሞ ሌላ ኪኒን ጻፈችላቸው። መንገዱ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ነበር፤ መኪና አያልፍም። ምሥራቅም እስኪከፈት ድረስ ብላ ጠበል ታመላልሰው ጀመር። ኪኒኑን ከእሷ እጅ አልቀበል ብሎ ሲያስቸግራት ባምላክ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይሰጠዋል። ከእሱ እጅ ይውጣል። ባምላክ ውኃውን አስጎንጭቶ አገጩን ሲጠርግለት በሆዱ «ይኸው እያስታመምኩት ነው» ይል ነበር። ዐሥር ቀን እንዲህ አደረገ።

በጥምቀት ማግሥት ሀብቱ አልነቃ አለ። ያንኮራፋል፤ ያ የጥንቱ ማንኮራፋት ግን አይደለም፤ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ነው። ሲቆነጥጡት ግራ እጁን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በባጃጅ ጭነው ሲያደርሱት ዶክተር ናርዶስ የዐይኑን ብሌን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ባምላክ ከክፍሉ ተከትሏት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ በሽተኛ ተኮልኩሎ ተቀምጧል፤ ለእሱ ግን ማንም አልታየውም።

«ዶክተር፣ ወድቋል።»

«ማን?»

«ሀብቱ። ኅዳር ጽዮን። ከፈረስ። ድንጋይ ነው የመታው፣ እዚህ ጋ።» ከግራ ጆሮው በላይ ያለውን ቦታ በጣቱ ነካ። «ጊዮርጊስን አስምሎኝ ነው።»

እየጻፈች ነበር፤ ቆመች። «ያንን ቀይ ኪኒን… ደም ማቅጠኛውን… በየቀኑ ወስደዋል?»

«በእጄ ነው የሰጠሁት። አንድም ቀን አላስታጎልኩ።»

ብትጮህበት፣ ብትሰድበው፣ ይችለው ነበር። ዝም ብላ አየችው። ሦስት ጊዜ የጠየቀች ሰው ዝምታ ነው። ከዚያ «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሲንጠባጠብ ነው የቆየው አባቴ፤ እኛም እንዳይረጋ አደረግነው» አለችና ሮጠች። እኛም ብላ ራሷን መጨመሯ ባምላክን የባሰ አቃጠለው።

መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አምቡላንሱ ውስጥ ምሥራቅ የባሏን እግር አቅፋ ተቀመጠች፤ ባምላክም ሁሉንም እዚያው ነገራት። ዳንግላን ካለፉ በኋላ «ቃልህን ጠብቀህ እሱን ልትቀብረው ነበር?» አለችው።

ባሕር ዳር ላይ ሐኪሞቹ ፎቶውን አንሥተው በዚያው ዕለት የሀብቱን የራስ ቅል ሁለት ቦታ በሱት። ቀዶ ጥገና ያደረገለት ሐኪም ሲወጣ «ያረጀ ደም ነው፤ እንደ ተቃጠለ የሞተር ዘይት ጥቁር» አላቸው። «ሳምንት ቀደም ብለው ቢመጡ…» ብሎ ጀመረና የምሥራቅን ፊት አይቶ ተወው።

ሀብቱ ዐይኑን ገልጦ ሰው የለየው ጥር ሃያ ሦስት ቀን ነው። ያን ቀን ቆሰበር ላይ ኪዳኑ ከፊት ሆኖ እየመራ ገብቷል፤ ጥሩም ጋልቧል፤ እውነቱን መናገር ነው። ሀብቱ ግን ይህን አላወቀም። ምሥራቅን አየ፣ ባምላክን አየ፣ ፈገግ አለ። በተሳሰረ ምላስ «ጽዮን… ስንት ቀን ቀረው?» ብሎ ጠየቀ።

በእሱ ቤት ገና ጥቅምት ነበር። መስኩን፣ ፌስታሉን፣ መሐላውን፣ ያ ጥቁር ደም ይዞት ወጥቷል። ባምላክ ግን በዚያ ሰዓት ስለዚህ አላሰበም፤ የጓደኛውን ግራ እጅ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

መጋቢት ላይ ቤቱ ገባ። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ይቀመጣል፤ ቀኝ እግሩ በምርኩዝ ነው። ንግግሩ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ ፈረስ ላይ መውጣት ግን እስከ ወዲያኛው ቀረ። ይህን የነገረችው ዶክተር ናርዶስ ናት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ምሥራቅን ይዞ «እኔን ምንድን ነው ያገኘኝ?» አላት። እሷም የምታውቀውን ነገረችው።

ባምላክን አስጠራው። ባምላክ አንድ ዶሮ ይዞ፣ ደስ ብሎት መጣ። ሲገባ ሀብቱ አልተነሣም፤ ሰላምታም አልመለሰም።

«እኔ ከፈረስ ወደቅሁ?»

«አያ ሀብቱ…»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው አልነበረም። አንተው ነህ ያስማልከኝ፤ ጊዮርጊስን በለኝ ብለህ…»

«እኔ ነኝ ያስማልኩህ!» ሀብቱ ሳቀ፤ የፊቱ ቀኝ ግማሽ ግን አልሳቀም። «በሽታ ያገኘው ሰው ነኝ፤ እግዜር የፈቀደው ነው፤ ይሁን። አንተ ግን ለኪዳኑ ቦታ እንዲለቀቅለት ስሜን ለመንገደኛ ሰጠኸው። ሃያ ሁለት ዓመት የመራሁ ሰው፣ ልጆቹ በየጠላ ቤቱ “ፌስታል የጣለው” ይሉኛል። ፌስታሉን ማን ነገራቸው?»

ፌስታሉን የነገራቸው ባምላክ ነበር። ለሐኪም ሲናገር የሰማ ሰምቶ፣ ያ ለዚያ ነግሮ፣ ሲጠይቁት ደግሞ ሀብቱን ለማዳን ብሎ «ፈረሱ ነው በፌስታል የበረገገው፣ እሱ ጥፋት የለበትም» ሲል ያመለጠው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አለው ሀብቱ። ይህን በአማርኛ ነበር ያለው። ከእንግዲህ ከእሱ ጋር በአገውኛ እንደማያወራ ባምላክ ገባው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የባምላክ እውነት ግን እያደረ ደፈረሰ። ወደ ዶክተር ናርዶስ ሄደና «መጥተሽ ንገሪልኝ፤ ያን ፎቶ አሳዪልኝ» ብሎ ለመናት። እሷም ሥራዋን ትታ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችው። «አባቴ፣ አእምሯቸው እነዚያን ወራት አልደበቃቸውም፤ ጨርሶ አልጻፋቸውም። ያልተጻፈ ደግሞ አይነበብም። እርሳቸው እየዋሹ አይደለም፤ እርስዎም አልዋሹም። ፎቶውን ባሳያቸውም ደሙን ያሳያል እንጂ ፈረሱን አያሳይም።» ይህን ስትል ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያን ኪኒን የጻፈችው እሷ መሆኗን እሷም አልረሳችም።

ክረምቱ ገባ። ባምላክ የዲከረንስ ዛፉን ቆረጠ፣ ከሰሉን አከሰለ፣ ድንቹን አረመ። ሰው እህል ሳይበላ እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያወራው ሰው ሲያጣም ቀስ ብሎ እንደሚሞት ግን ያየ ያውቃል። ከፈረሱ ጋር ያወራ ጀመር። በሀብቱ ደጅ ሲያልፍ ሀብቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየዋል፤ ፊቱን ያዞራል። ያ አልታዘዝ ያለ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ነው። ባምላክ ሁልጊዜ የሚያየው ያንን እጅ ነው፤ ያንን እጅ የገደሉት ዐሥሩ ቀናት ናቸው፤ ዐሥሩ ቀናት ደግሞ የእሱ ናቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ምሥራቅ ራሷ ቤቱ መጣች። ከበሩ ሳትገባ ቆመች።

«አይተኛም» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ “እኔ እወድቃለሁ? እኔ?” ይላል። በልቶ አያውቅ፣ ስቆ አያውቅ። እንደው ባምላክ፣ አልወደቀም በልልኝ።»

«ምሥራቅ፣ አንቺ እውነቱን እያወቅሽ?»

«እውነቱ ምን ሠራለት? ገሎታል።»

የሠፈሩ ሽማግሌ አባ አየነውም ይህንኑ አሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ የታረቀ ሰው እንጂ ያሸነፈ ሰው አይወዱም። «ስማ ልጄ፣ እሱ ካልወደቀ ስሙ ይመለስለታል። አንተ ደግሞ ዋሸ ብትባል ምን ትሆናለህ? ሚስት የለህ ትሸማቀቅብህ፣ ልጅ የለህ ይሰደብብህ። ዘመን ሳይለወጥ ታረቁ» አሉት።

ባምላክ ሦስት ቀን አሰበ። አንዴ ለእሱ ብዬ ዋሽቻለሁ፤ የዚያኛው ውሸት እጁን ወሰደበት፤ ይህኛው ቢያንስ እንቅልፉን ይመልስለታል አለ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ያ ሰው በአገውኛ «ና ግባ» እንዲለው ፈለገ። ለዚህ ብሎ የማይዋሽ ሰው ካለ ብቸኝነትን አያውቃትም።

ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ እያካፋ ሄዱ። አባ አየነውና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት፣ ባምላክ ከኋላ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ከባድ መርጧል፤ ሽማግሌዎቹ «ቀለል ያለ ያዝ» ብለውት እምቢ ብሏል። ሀብቱ በረንዳው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ጸጉሩ አድጓል፤ ሁለቱ የተበሱት ቦታዎች ግን ጎድጎድ ብለው ይታያሉ። ምሥራቅ በሩ ላይ ቆመች።

ባምላክ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«አያ ሀብቱ፣ አልወደቅህም። ዋሽቼብህ ነው። ስለ ጊዮርጊስ ብለህ ማረኝ።»

ከዚያ ሀብቱ ማልቀስ ጀመረ። በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ሊደግፉት ሲሉ አልፈቀደም፤ ወደ ጭቃው ወርዶ ምርኩዙን ለቀቀና በግራ እጁ ብቻ ድንጋዩን ከባምላክ አንገት ገፍቶ ጣለው። «አውቄዋለሁ» አለ እያነባ፤ «እንዳልወደቅሁ አውቄው ነበር።» ጉንጩን በጉንጩ አስነክቶ ሳመው። ከዚያ በአገውኛ «ና፣ ግባ፣ ከዝናቡ ውጣ» አለው።

አባ አየነው መረቁ። ምሥራቅ ጠላና ዳቦ አቀረበች። ሀብቱ ባምላክን ከጎኑ አስቀምጦ ጉልበቱን በግራ እጁ ይዞ፣ ስለ ዳማው፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ጠየቀው። ባምላክ ከስምንት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቀ። ሕይወቱ የተመለሰችለት መሰለው።

ሀብቱ ሐሳቡ እንደ ድሮው አይሮጥም፤ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል። ጠላውን ይዞ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ እያወሩ ነበርና አላስተዋሉም፤ ባምላክ ግን ጉልበቱን የያዘው እጅ ሲላላ ተሰማው።

«እንግዲያ» አለ ሀብቱ።

ሁሉም ዞሩ።

«እንግዲያ ካልወደቅሁ፣ ለሐኪሞቹ ወድቋል ያልካቸው ለምንድን ነው?» ግራ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጭንቅላቱ ሄደ፣ አንደኛውን ጎድጓዳ ነካ፣ ሁለተኛውን ነካ። «አንተ ወድቋል ስላልካቸው ነው የበሱኝ። ምሥራቅ ነግራኛለች። ባትዋሽ ኖሮ አይበሱኝም ነበር። እጄም እጅ ነበር።»

ቁጣ የለበትም፤ የጨነቀው ሰው ጥያቄ ነው። ፊቱን አቅርቦ፣ ሁለቱ ለብቻቸው ሲሆኑ በሚያወሩበት ቋንቋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባምላክ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለው።

ባምላክ ወደ ምሥራቅ ተመለከተ። ምሥራቅ ወለሉን እያየች ነው። ወደ አባ አየነው ተመለከተ። ሽማግሌው ዳቦውን እንደያዙ አፋቸው ግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል። ሀብቱ ይጠብቃል።

ባምላክ ተነሣ። ከበረንዳው ወርዶ፣ ጭቃው ላይ የወደቀውን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሣና መልሶ አንገቱ ላይ ጫነው። በቦታው ተንበረከከ። አውርድ የሚለው ሰው አልነበረም።